የሽጉጥ ቀለሃን ወደ ልኩ ሲመልሱ፦ ቅባቱ መቼ፣ ምን ያህል፣ እንዴት

የተተኮሰ ቀለሃ ሲገባ ከነበረው ልክ ሰፍቶ ነው የሚወጣው። ባሩዱ ሲነድ የሚፈጠረው ግፊት የናሱን ግድግዳ ወደ ውጭ ይገፋና ከሽጉጡ የጥይት መጉረሻ ክፍል ጋር ያጣብቀዋል። ትኩሱ ጋዝ ወደ ተኳሹ ፊት ሳይመለስ አረሩን ገፍቶ በአፈሙዙ የሚወጣው በዚህ መጣበቅ ምክንያት ነው። ግፊቱ ሲወርድ ናሱ ትንሽ ይሰበሰባል፤ ወደ መጀመሪያ ልኩ ግን አይመለስም። ስለዚህ ቀለሃውን ዳግም ሞልቶ መተኮስ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ይህን የሰፋ ናስ በጠባብ ዳይ (በልኩ በተበሳ ጠንካራ ማጥበቢያ) ውስጥ እየገፋ ወደ ልኩ መመለስ አለበት። ናስ በጠንካራ ብረት ላይ በኃይል ሲንሸራተት ፍትጊያ ይኖራል፤ ፍትጊያ ባለበት ደግሞ የቅባት ጥያቄ ይነሣል።

በሽጉጥ ቀለሃ ላይ ሁለት ምክር ይሰማል። አንዱ «ዳዩ ካርባይድ ከሆነ ቅባት አያስፈልግም» ይላል፤ ሌላው «ሁልጊዜ ቀባ» ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ ሁለቱም ግን ጎደሎ ናቸው። የእኔ አቋም ይህ ነው፦ በካርባይድ ዳይም ቢሆን እጅግ ጥቂት ቅባት ሥራውን ያቀላል፤ ቀለሃንም ዳይንም ክንድንም ያሳርፋል። ጉዳት የሚመጣው ግን ብዙ ጊዜ ቅባት በማጣት ሳይሆን አብዝቶ በመቀባትና ከሥራው በኋላ ሳይጠርጉ በመተው ነው። ይህ መመሪያ የሚያተኩረው በዚያ ላይ ነው።

አስቀድሞ አንድ ነገር። በአሜሪካ አንድ ሰው ለራሱ መተኮሻ የሚሆን ጥይት በቤቱ ሲሞላ የፌዴራል መንግሥቱ ፈቃድ አይጠይቀውም፤ ሞልቶ መሸጥ ግን ፈቃድ ይጠይቃል። ክፍለ ግዛቶችና ከተሞች የየራሳቸው ደንብ ስላላቸው የሚኖሩበትን ቦታ ሕግ አንብበው ይጀምሩ። በኢትዮጵያ ነገሩ በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚገዛ ስለሆነ በቤት የሚሞከር ሥራ አይደለም። ስለ ባሩድ መጠንም እዚህ ምንም አይነገርም፤ እሱ የባሩድና የአረር አምራቾች ካሳተሙት መጽሐፍ ብቻ ይወሰዳል።

መጀመሪያ ዳይዎን ይወቁ

የሽጉጥ ዳይ በሁለት ዓይነት ይመጣል። አንደኛው ሙሉ በሙሉ ከጠንካራ ብረት የተሠራ ነው። ሁለተኛው አካሉ ብረት ሆኖ አፉ ላይ የቱንግስተን ካርባይድ ቀለበት የተተከለበት ነው። ካርባይድ ከብረት እጅግ ይጠነክራል፤ በደንብ ሲወለወል ናስ አይለጠፍበትም። አርሲቢኤስ፣ ሊ፣ ዲሎንና ሬዲንግ የተባሉት አምራቾች ቀጥ ላሉት የሽጉጥ ቀለሃዎች የካርባይድ ዳይ ይሸጣሉ። ሆርናዲ በቲታኒየም ናይትራይድ የተለበጠ ቀለበት ይጠቀማል፤ ወርቃማ ቀለሙ ያስታውቃል።

ዳዩን ገልብጠው በእጅ ባትሪ ወደ አፉ ይመልከቱ። ከሌላው ብረት በቀለም የሚለይ፣ ዙሪያውን የሚታይ መጋጠሚያ ያለው ቀለበት ካዩ ካርባይድ ነው። ምንም መጋጠሚያ ከሌለው፣ ወይም ሣጥኑ የጠፋበት አሮጌ ዳይ ከሰው ከገዙና ከተጠራጠሩ፣ ብረት ነው ብለው ይያዙት። በብረት ዳይ እያንዳንዱ ቀለሃ መቀባት አለበት፤ አንድ እንኳ አይታለፍም። ያልተቀባ ናስ በብረት ዳይ ውስጥ ይነክሳል፤ የፕሬሱን፣ ማለትም ቀለሃውን ወደ ዳዩ የሚገፋውን መሣሪያ፣ እጀታ ወደ ላይ ሲመልሱ የቀለሃው ጠርዝ ይቀደድና አካሉ ዳዩ ውስጥ ተሰንቅሮ ይቀራል።

ካርባይድ ያለው ሰው ሁሉም ቀለሃ እኩል አይቀልለውም። .45 ኤሲፒ ቀጥ ያለ ነው፤ በግርጌውና በአፉ መካከል ያለው የውፍረት ልዩነት ከሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ አይሞላም። በአሜሪካ አምራቾች መስፈርት ከፍተኛ ግፊቱ 21,000 ፒኤስአይ (ፓውንድ በካሬ ኢንች) ነው። የ.38 ስፔሻል ደግሞ 17,000 ብቻ ነው። እነዚህ በካርባይድ ዳይ ያለ ቅባት በቀላሉ ያልፋሉ። 9 ሚሊ ሜትር ሉገር ግን ሌላ ነው፤ ግርጌው ላይ 9.93፣ አፉ ላይ 9.65 ሚሊ ሜትር ነው፤ ማለትም ሾጠጥ ያለ ነው። ግፊቱም 35,000 ፒኤስአይ ይደርሳል። ቀለሃው ሾጠጥ በማለቱ ዳዩ አጥብቆ የሚይዘው ወደ ጉዞው መጨረሻ ሲደርስ ነው፤ ጉልበቱም እዚያ ላይ በአንድ ጊዜ ይመጣል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ክንድዎን የሚያደክመው ይህ ነው፤ ጥቂት ቅባት ትልቅ ልዩነት የሚያመጣውም እዚህ ነው። በ.40 ኤስ ኤንድ ደብሊው እና በ.357 ማግነም ላይም ብቀባ እመርጣለሁ።

አንገትና ትከሻ ያላቸው የሽጉጥ ቀለሃዎች፣ ለምሳሌ .357 ሲግ እና 7.62 ሚሊ ሜትር ቶካሬቭ፣ ከዚህ ደንብ ውጭ ናቸው። ለእነሱ ካርባይድ ዳይ ቢኖርም ቅባት ግዴታ ነው። ቀለበቱ አካሉን ቢያስተካክልም ትከሻውና አንገቱ የሚቀረጹት በዳዩ ብረት ነው።

ከመቅባት በፊት

ቅባት ቆሻሻን አይሸፍንም፤ ይልቁንም አሸዋን ይዞ ወደ ዳዩ ያስገባል። የተኩስ ሜዳ መሬት ላይ የተለቀመ ቀለሃ አሸዋ አለው። አንዲት የአሸዋ ቅንጣት የብረት ዳይን ግድግዳ ትጭራለች፤ ጭረቱም ከዚያ በኋላ በሚያልፈው ቀለሃ ሁሉ ላይ ይታተማል። ስለዚህ ሥራው በመለየትና በማጽዳት ይጀምራል።

ሲለዩ በእጅዎ እያንዳንዱን ያዟዙሩ። አፉ የተሰነጠቀውን፣ ግርጌው አካባቢ አብጦ የወጣውን ይጣሉ። ማግኔት አስጠግተው ብረት የሆነውን ያውጡ። ግራጫማና ቀለል ያለ አሉሚኒየምም ዳግም አይሞላም። ወደ ውስጥ ሲያዩ በግርጌው መካከል አንድ የእሳት ቀዳዳ መኖር አለበት፤ ሁለት ትንንሽ ቀዳዳ ካለ የቤርዳን ዓይነት ስለሆነ ያገለገለውን ፕራይመር ገፍቶ የሚያስወጣውን የዳዩን መርፌ ይሰብራል። አንዳንድ የ9 ሚሊ ሜትር ቀለሃ በውስጡ እንደ ደረጃ የሚታይ ወፍራም ክብ አለው፤ ግድግዳው እዚያ ላይ ሊበጠስ ስለሚችልና የባሩዱን ቦታ ስለሚያጠብ ይህንንም ይጣሉ። .45 ኤሲፒ ከሆነ በትልቅ ፕራይመርና በትንሽ ፕራይመር የሚሠሩትን ለያይተው ያስቀምጡ። ፕራይመር የምለው በቀለሃው ግርጌ ተተክሎ መምቻው ሲነካው ባሩዱን የሚለኩሰውን ትንሽ ቆብ ነው። በትልቁ ቀለሃ ውስጥ ትንሹ ገብቶ እንዳልተሰካ ይዩ፤ የ9 ሚሊ ሜትር ቀለሃ በ.40 ውስጥ፣ የ.40 ደግሞ በ.45 ውስጥ ተሰክቶ መገኘቱ የተለመደ ነው። ከሁሉም በላይ፣ ክምሩ ውስጥ ያልተተኮሰ ጥይት አለመኖሩን ያረጋግጡ።

ለማጽዳት ሁለት መንገድ አለ። አንዱ በደረቅ ታምብለር፣ ማለትም በሚንቀጠቀጥ የማጽጃ ዕቃ ውስጥ፣ ከተፈጨ የበቆሎ ቆረቆንዳ ወይም ከዋልነት ቅርፊት ጋር ማንቀጥቀጥ ነው። ሌላው በውኃ፣ በሳሙናና በማይዝጉ የብረት መርፌዎች በሚሽከረከር በርሜል ማጠብ ነው። የውኃው መንገድ ቀለሃውን ከውስጥም ከውጭም እንደ አዲስ ያበራዋል። ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር ግን እዚህ ላይ ነው። በደረቅ የጸዳ ቀለሃ ላይ የማበሪያው ሰምና ከባሩዱ የቀረ ጥቁር ደቃቅ በስሱ ይቀራል፤ ይህም በራሱ እንደ ቀላል ቅባት ያገለግላል። በውኃ የታጠበው ግን ባዶ ናስ ነው። ያለ ቅባት ካርባይድ ዳይ ውስጥ ሲገባ እንኳ ይጎትታል፤ የቀለሃውን አፍ የሚያሰፋው መሣሪያ ደግሞ ውስጡ ይያዝና ሲወጣ ፕሬሱን ያንገጫግጨዋል። በፕሬስ ላይ ባሩድ የሚሰፈር ከሆነ ይህ መንገጫገጭ ልኩን ሊያዛባ ይችላል። ቀለሃዎን በውኃ የሚያጥቡ ከሆነ «ካርባይድ ቅባት አይሻም» የሚለውን ይርሱት።

ከታጠበ በኋላ ፈጽሞ ይድረቅ። ውስጡ የቀረ ውኃ ፕራይመርን ያበላሻል። ምግብ በሚያበስሉበት ምድጃ ውስጥ ግን አያድርቁት፤ ምክንያቱን በኋላ እነግርዎታለሁ።

ማጽጃ ሲመርጡ አሞኒያ ካለበት ይራቁ። ለቤት ጌጥ የሚሸጡ አንዳንድ የናስ ማበሪያዎች አሞኒያ አላቸው። ናሱን ያበሩታል፤ ሳይታይ ግን ያዳክሙታል። በእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ዘመን በህንድ በዝናብ ወራት በፈረስ ጋጣ ውስጥ የተከማቸ ጥይት ቀለሃው እየተሰነጠቀ ያስቸግር ነበር። ምክንያቱ በ1921 እ.ኤ.አ. ታወቀ፦ ከፈረስ ሽንት የሚወጣው አሞኒያ በመዳብ ውስጥ እየገባ፣ ሲሠራ የተጨነቀውን ናስ ይሰነጥቀው ነበር። የቀለሃ ናስ ሰባ በመቶ ገደማ መዳብ፣ ሠላሳ በመቶ ገደማ ዚንክ ነው፤ ዛሬም ባሕርዩ ያው ነው።

የትኛው ቅባት

ለሽጉጥ ቀለሃ የሚመች ቅባት ሦስት ነገር ማሟላት አለበት፦ በስሱ መሰራጨት፣ በከባድ ጭነት ሥር ተጨምቆ አለመሸሽ፣ ሥራው ሲያበቃ በቀላሉ መጥፋት። የሞተር ዘይት፣ የምግብ ዘይትና እንደ ደብሊውዲ-40 ያለ ዘልቆ የሚገባ ቅባት በመጨረሻው ይወድቃሉ። አይተኑም፤ ወደ ፕራይመር ጎጆና ወደ ባሩዱ ይሾልካሉ። ማጠፊያ ለመቀባት ጥሩ የሆነ ነገር ሁሉ ለቀለሃ አይሆንም።

እንደ ኢምፔሪያል ያለ የዳይ ሰም በትንሽ ቆርቆሮ ይሸጣል። በጣት ጫፍ ነክቶ የቀለሃውን አካል መደባበስ ብቻ ነው፤ አንድ ቆርቆሮ ለዓመታት ይበቃል። ትከሻ ላላቸው ቀለሃዎችና ከሃምሳ ወይም ከመቶ ለማይበልጥ ሥራ ከሁሉም የምመርጠው ይህን ነው። የሆርናዲ ዋን ሾት በቆርቆሮ የሚረጭ ነው፤ ሲደርቅ ስስ ሽፋን ይተዋል። በዚህ ቅባት ቀለሃ ተሰነቀረብኝ የሚሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ቆርቆሮውን በደንብ ሳይነቀንቁ የረጩ ወይም እስኪደርቅ ያልታገሡ ናቸው። በቀለም ማኅተም ትራስ ዓይነት ፓድ ላይ ቀለሃን ማንከባለልም የቆየ ዘዴ ነው፤ ለሽጉጥ ግን አዝጋሚ ነው፣ ቅባቱንም ያበዛል።

ለብዙ ቀለሃ የሚሻለው የላኖሊንና የአልኮል ድብልቅ ነው። ላኖሊን ከበግ ጸጉር የሚወጣ ስብ ነው፤ በጭነት ሥር አይሸሽም። ዲሎን ይህን አዘጋጅቶ በመርጫ ይሸጣል፤ በቤትም በቀላሉ ይሠራል። ውኃ የሌለበት ፈሳሽ ላኖሊን አንድ እጅ፣ 99 በመቶ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል አሥር እጅ፤ ለምሳሌ 30 ሚሊ ሊትር በ300። ላኖሊኑ ከወፈረ ጠርሙሱን ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ያቁሙት፤ ሲቀልጥ ወደ መርጫው ገልብጠው አልኮሉን ይጨምሩና ይነቅንቁ። እሳት ላይ አይጣዱት፤ አልኮሉ ይያያዛል፣ እንፋሎቱም እንዲሁ። ከፋርማሲ የሚገዛው 70 በመቶ አልኮል የቀረው ውኃ ስለሆነ ላኖሊኑን በደንብ አያሟሟም፤ ሲደርቅም ይዘገያል። ጠርሙሱ ላይ ምን እንዳለበት ይጻፉና ከእሳትና ከልጆች ያርቁት።

አቀባቡ

የሚያስፈልግዎት ሰፊ የፕላስቲክ ትሪ ወይም ትልቅ ዚፕ ያለው ከረጢት ነው። ሁለት መቶ የሚሆን ቀለሃ ይጨምሩ። የላኖሊኑን ጠርሙስ ይነቅንቁና ሦስት አራት ጊዜ ይርጩ፤ ከረጢቱን ዘግተው ቀለሃዎቹ እርስ በርስ እንዲታሹ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ያገላብጡት። አንድ ሁለት ጊዜ ደግመው ይርጩና እንደገና ያገላብጡ። ከዚያ ከረጢቱን ይክፈቱት፣ ወይም ቀለሃውን ትሪ ላይ ዘርግተው አምስት እስከ አሥር ደቂቃ ይተዉት። ቅባት ሆኖ የሚያገለግለው ላኖሊኑ ነው፤ አልኮሉ የሚያደርሰው መጓጓዣ ብቻ ነውና መትነን አለበት። እርጥብ እያለ ሥራ መጀመር በዚህ ደረጃ የሚሠራ ዋናው ስሕተት ነው። መስኮት ይክፈቱ፣ ሲጋራም አይቅረብ።

ልኩን የሚነግርዎ ጣትዎ ነው። ጎመን ዘር ምጣዱን እንደሚያስሰው ይሁን፤ ዘይቱ ምጣዱ ላይ ይዳሰሳል እንጂ አይታይም። ቀለሃውን ሲያሹት ጣትዎ ትንሽ ይንሸራተት፤ ነገር ግን ጠብታ፣ ነጭ ስብ ወይም የሚያብረቀርቅ እርጥበት አይታይ። ከታየ በዝቷል፤ ያልተቀባ ቀለሃ ጨምረው እንደገና ያገላብጡት፣ ትርፉን ይካፈላሉ።

በመርጨት ዘዴ ጥቂቱ ወደ ቀለሃው አፍ ይገባል። ይህ ለሽጉጥ ጥቅም ነው፤ አፍ ማስፊያው ሳይነክስ ይወጣል። ብዛት ግን እዚህም ጠላት ነው፤ ወደ ግርጌው የወረደ ቅባት ባሩድ ያጣብቃል፣ ፕራይመርም ያዳክማል። ስለዚህ አፋቸው ወደ ላይ በቆሙ ቀለሃዎች ላይ በቀጥታ ከላይ አይርጩ፤ በጎን አስተኝተው ይርጩ።

ሰም ከመረጡ በሁለት ጣት ትንሽ ነክተው አካሉን ከግርጌው ጀምሮ ሁለት ሦስተኛውን ያሹ። ካርባይድ ዳይ ካለዎት ሁሉንም መቀባት አያስፈልግም፤ ከአምስቱ ወይም ከአሥሩ አንዱን ብቻ ይቀቡ። ያ አንዱ በቀለበቱ ላይ የሚተወው ስስ ሽፋን ለሚከተሉት ይበቃል። እጀታው መክበድ ሲጀምር ሌላ አንድ ይቀቡ። ትከሻ ባላቸው ቀለሃዎች ደግሞ ትከሻውን ራሱን አይቀቡ፤ ቅባት ስለማይጨመቅ መውጫ ሲያጣ ናሱን ወደ ውስጥ ይጎደጉደዋል።

ፕሬሱ ላይ

ዳዩን ወደ ፕሬሱ ሲያስሩ እጀታውን እስከ መጨረሻ ያውርዱና የቀለሃው መያዣ ወደ ዳዩ አፍ እንዲጠጋ ያድርጉ። ብረት ዳይ መያዣውን ቢነካ ጉዳት የለውም። ካርባይድ ግን ጠንካራ ቢሆንም ተሰባሪ ነው፤ መያዣው በየጊዜው እየመጣ ቢያንኳኳው ቀለበቱ ሊሰነጠቅ ይችላል። በመካከላቸው አንድ የወረቀት ውፍረት ያህል ይተዉ፤ ከዚያ ነቱን ያጥብቁ።

የመጀመሪያውን ቀለሃ በዝግታ ያሳልፉ። ሁኔታውን የሚነግርዎ እጅዎ ነው። ጉልበቱ እየጨመረ ሄዶ ወደ መጨረሻው ለስለስ ብሎ ካለፈ ጥሩ ነው። በመሃል ድንገት ከቆመ፣ ከጮኸ ወይም ከተንገጫገጨ በጉልበት አይግፉ፤ ይመልሱትና ይዩት። ያልተቀባ፣ አሸዋ የያዘ ወይም ያበጠ ይሆናል፤ ትንሽ ቀለሃ በትልቁ ውስጥ ተሰክቶም ሊሆን ይችላል። ከዳዩ የወጣው ቀለሃ ላይ ቁመቱን ተከትሎ የሄደ ጭረት ካዩ ሥራውን ያቁሙና ዳዩን ፈትተው በአልኮል በተነከረ ጨርቅ ይጥረጉ።

መጀመሪያ የወጡትን ጥቂት ቀለሃዎች ይለኩ። የ9 ሚሊ ሜትር ቀለሃ ግርጌው አካባቢ ከ9.93 መብለጥ የለበትም፤ ርዝመቱም ከ19.15 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም። ካሊፐር ከሌለዎት የተነቀለውን የሽጉጥዎን አፈሙዝ ይጠቀሙ፦ ቀለሃውን ወደ መጉረሻው ሲጥሉት በራሱ ክብደት ወርዶ ጠብ ማለት አለበት፤ አፈሙዙን ሲገለብጡትም በራሱ ይውደቅ። ካልወረደ በቂ ሆኖ አልጠበበም፤ ቅባት አይረዳውም፣ ዳዩ ነው መውረድ ያለበት።

ቀለሃ ዳይ ውስጥ ከተሰነቀረ በጉጠት መታገል ዋጋ የለውም። ለዚህ የተሠራ ማውጫ ይሸጣል፦ የቀለሃውን ግርጌ በድሪል ቀድደው፣ ጥርስ አውጥተው፣ ቡሎን አስገብተው ሲያጠብቁት ቀለሃው ወደ ታች ይሳባል። መጀመሪያ ግን የዳዩን መርፌ አካል ወደ ላይ ፈትተው ያውጡ፤ ካልሆነ ድሪሉ ያበላሸዋል። ውስጡ ያልተተኮሰ ፕራይመር ካለ በፍጹም አይቅደዱት፤ ዳዩን እንዳለ ትተው ወደ አምራቹ የደንበኞች አገልግሎት ደውለው ያማክሩ።

ቅባቱን ማስወገድ

ብዙ ሰው የሚቸኩልበት ቦታ እዚህ ነው፤ እኔ ግን ከሁሉም በላይ አጥብቄ የምናገረው ስለዚህ ነው። ጥይቱ ሲተኮስ ቀለሃው ግድግዳውን ይዞ መቆም አለበት። የተቀባ ቀለሃ ግን አይይዝም፤ ይንሸራተትና ኃይሉን ወደ ኋላ ወደ መዝጊያው ይጥላል። መሣሪያው ያልተሠራበትን ጫና ይሸከማል ማለት ነው። የተረፈው ቅባት ደግሞ አቧራ ይስባል። ጣሊያን ወደ ኢትዮጵያ ይዞት የመጣው ብሬዳ 30 መትረየስ ቀለሃው በቀላሉ እንዲወጣለት ጥይቱን ሲያጎርስ በዘይት የሚቀባ መሣሪያ ነበረው፤ ዘይቱ አቧራና አሸዋ እየሰበሰበ ስለሚያጨናንቀው ስሙ በዚህ ተበላሽቷል። በእጅዎ ሞልተው ሽጉጥ ላይ የሚያስገቡትም ጥይት ያው ሕግ ይገዛዋል።

በአንድ ደረጃ ፕሬስ፣ ማለትም አንድ ዳይ ብቻ በሚይዘው የሚሠሩ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። ቀለሃዎቹ ሁሉ ወደ ልካቸው ከተመለሱ በኋላ፣ ገና ፕራይመርና ባሩድ ሳይገባባቸው፣ ንጹሕ የበቆሎ ቆረቆንዳ ውስጥ ሃያ ወይም ሠላሳ ደቂቃ ያንቀጥቅጧቸው። ፕራይመራቸው አስቀድሞ ስለወጣ የእሳት ቀዳዳው ውስጥ ቅንጣት ተሰክቶ እንደሆነ አንድ በአንድ ይዩ፤ ተሰክቶ ከተረፈ ጥይቱ በደንብ ላይለኮስ ይችላል። ወይም በሙቅ ውኃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አጥበው በደንብ ያድርቋቸው፤ ለላኖሊን ይህ ይበቃል።

እንደ ዲሎን 550 ባለ ተከታታይ ፕሬስ ሲሠሩ ግን ቀለሃው ሳይወጣ በየደረጃው እየዞረ ፕራይመር፣ ባሩድና አረር ይቀበላል፤ በመሃል ለማጠብ ቦታ የለም። ለዚያ ሁለት ነገር ያድርጉ። መጀመሪያ ቅባቱን እጅግ ስስ ያድርጉ። በመጨረሻም የተሞላውን ጥይት ሁሉ በፎጣ ላይ ዘርግተው፣ አልኮል ትንሽ ነክቶ በተጨመቀ ጨርቅ አንድ በአንድ ያብሱ። ጨርቁ የሚያርስ አይሁን፤ ፈሳሹ በፕራይመሩ ጠርዝ ይገባል። የተሞላ ጥይትን ወደ ታምብለር አልጨምርም፤ ማበስ ጊዜ ይወስዳል፣ ግን ጥይቱን አንድ በአንድ ለማየት ያስገድድዎታል፤ ያልገባ ወይም ተገልብጦ የገባ ፕራይመር የሚታየው ያኔ ነው።

ፕራይመር ሲነኩ እጅዎ ደረቅና ንጹሕ ይሁን። ቀለሃ ሲቀቡ ከነበረ፣ መጀመሪያ ይታጠቡ።

እጅና ቤት

ብዙው ፕራይመር የሚሠራው እርሳስ ካለበት ቅመም ነው። ከተተኮሰ በኋላ እርሳሱ በቀለሃው ውስጥ እንደ ዱቄት ይቀራል፤ ወደ ታምብለሩ፣ ወደ ከረጢቱ፣ ወደ ጣትዎ ይሻገራል። ቅባት ያለው እጅ ደግሞ ይህን ዱቄት አጥብቆ ይይዛል። እንጀራ በእጅ በሚበላበት ቤት ውስጥ ይህ ተራ ማስጠንቀቂያ አይደለም፤ ያልታጠበ እጅ በቀጥታ ወደ አፍ፣ ከዚያም ወደ ጋራ ማዕድ ይሄዳል። የልጅ አንጎል ሲያድግ እርሳስ ይጎዳዋል፤ ለልጅ ጉዳት የለውም ተብሎ የሚታሰብ የእርሳስ መጠን የለም። ነፍሰ ጡር እናትም ከዚህ ክፍል ትራቅ።

ስለዚህ በኩሽና፣ በመመገቢያ ጠረጴዛ ላይ ወይም ምንጣፍ ባለው ክፍል አይሥሩ። የታምብለሩን ክዳን በደጅ ይክፈቱ፣ አቧራውንም አያሽትቱ። ቀለሃ ያጠቡበትን ውኃና ያንቀጠቀጡበትን ቆረቆንዳ ከምግብ ዕቃ ጋር አያገናኙ፤ ወንፊት፣ ድስት፣ ምድጃ ለዚህ የተለየ ይሁን። ጓንት ያድርጉ፤ ዓይንዎንም በመነጽር ይጠብቁ። ሲጨርሱ እጅዎን በሳሙናና በቀዝቃዛ ወይም ለብ ባለ ውኃ እስከ ክንድ ይታጠቡ፤ ልብስዎን ቀይረው ከልጆች ልብስ ለይተው ያጥቡት። ቡና የሚጠጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቀለሃው፣ ፕራይመሩ፣ ባሩዱና የአልኮሉ ጠርሙስ እያንዳንዳቸው በየቦታቸው ተለያይተው፣ ልጅ በማይደርስበት ቦታ ተቆልፈው ይቀመጡ።